የድንጋይ ቤት ጻድቃን

ወረታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለአባ ገብረ ኪዳን፣ አዲስ አበባ፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ ልጻፍ ብዬ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ጤናዎን እንደምመኝ ያውቃሉ። ሰላምታው ደርሶኛል ብለው ይቁጠሩልኝ።

የሚሲዮኑን ትምህርት ቤት ያለ ፈቃድ ለምን እንደ ዘጋሁ ጠይቀዋል። የግንባታው ሹም መንግሥቴ «ታማለች» ብሎ ጽፎልዎት ከሆነ ውሸቱን ነው። አልታመምሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ለአዲሱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሠረት የሚቆፍሩት ሰዎች፣ እኛ ድንጋይ ቤት በምንለው ጉብታ ላይ፣ የጥንቱ ግንብ ወደ ምሥራቅ በሚታጠፍበት በኩል አንድ የተደፋ እንስራ አወጡ። ታቹ የተበሳ ነው። መንግሥቴ «የጥንት ክርስቲያኖች ዕቃ ተገኘ!» እያለ ሲጮኽ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድሁ። ከእንስራው አንገት ሥር አራት የጣት አሻራ አለ፤ አራተኛው ከሌሎቹ ያጠረ ነው። አባ፣ የእናቴን ትንሽ ጣት በልጅነቷ ማጭድ እንደ ቆረጣት ያውቃሉ። እንስራ በሠራች ቁጥር ጭቃው ሳይደርቅ እጇን እንዲያ ታሳርፍበት ነበር፤ ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ሥራ ቢደባለቅ ለመለየት።

ተማሪዎቼን እዚያው ትቼ ወደ አባቴ ሮጥሁ። ወናፉን ይነፋል።

«የእናቴ እንስራ እዚያ ምን ይሠራል?» አልሁት።

«የትኛው እንስራ?»

«አባየ፣ ተው።»

«የተበሳው? እሱማ እኔ በራስጌዋ የደፋሁት ነው። የመጨረሻ ሥራዋ ነበር። የሸክላ ሠሪ ወግ ነው፤ ሌባ እንዳይመኘው ደግሞ ይበሳል።»

«እናቴ የተቀበረችው በደብሩ ነው! በወይራው ሥር!»

«እንዲያ ብዬ ነው ያስጻፍሁልሽ» አለኝ። ወናፉን አሁንም አልተወም።

እናቴ በ1949 ስትሞት እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ ደብዳቤውን ሳነብ ከጎኔ የነበሩት እርስዎ ነዎት። «በሙሉ ፍትሐት፣ ከጨዋ ጋር፣ በወይራው ሥር አረፈች» ይል ነበር። ስንት ሌሊት ያጽናናኝ ቃል ነው። አሁን የምሰማው ሌላ ነው፤ የደብሩ ሰዎች «የቡዳ ሬሳ ከጨዋ ጋር አይተኛም» ብለው ከበር መልሰዋታል። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚቀበረው በድንጋይ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ነው። እኔ የተማርሁ ልጅ አንገቴን እንዳልደፋ መንደሩ በሙሉ ተማክሮ ደበቀኝ።

«ታዲያ አምና በወይራው ሥር ያሳየኸኝ፣ ተንበርክኬ የሳምሁት፣ የማን መቃብር ነው?»

«የአንድ የአሞሌ ነጋዴ ነው» አለ። «ክፉ ሰው አልነበረም።»

የኔን ጥፋት ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። አምና ጉብታው ለሚሲዮኑ ሲሰጥ የጎረቤት ምስክር ወረቀት ተጠየቀ። የቅርብ ጎረቤት የእኛ መንደር ነው፤ በመንደሩ የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። «በዚህ ጉብታ ላይ ከጥንት ፍርስራሽ በቀር የሰው ቤትም መቃብርም የለም» ብዬ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍሁ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመበት። «ለምን ዝም አልህ?» ስለው፣ «በሰው ፊት ልናገር? አንች እየሰማሽ? ግንቡን ብቻ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር» አለ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። እናቴን ለይቼ እስካወጣ ሥራው ይቁም። በስሟ ትቀበር፤ አባቴም ቀኑ ሲደርስ ከጎኗ ይተኛ። ሲስል የሚያድር ሰው ነው፤ ቀኑ ሩቅ አይደለም።

ሸጌ ገሰሰ

·

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጌ፤

ሰላምታ ስለ ነፈግሽኝ አልቀየምሁም፤ እኔ ግን አልነፍግሽም። እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽስ እንደምን ናቸው?

እንስራው እኔ ዘንድ ነው። መንግሥቴ በጭድ ጠቅልሎ በጭነት መኪና ላከው። የበላዮቼ በእንግዳ መቀበያው ክፍል በመስተዋት ሣጥን አኑረውታል፤ ከሥሩም «ከአራት መቶ ዓመት በፊት» የሚል ጽሑፍ አለ። ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ቁልፉን ለምኜ ከፈትሁና አራት ጣቴን በአሻራው ላይ አሳረፍሁ። ትንሿ ጣቴ ከአሻራው አልፋ ወጣች። ልጄ፣ አምንሻለሁ።

ነገር ግን ሥራውን ማስቆም ከእጄ በላይ ነው። እዚህ ያሉት በጥንቱ ፍርስራሽ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መቆሙን እንደ ታላቅ ጸጋ ያዩታል። መቃብር የለም የሚለው ወረቀትም በመዝገባቸው ውስጥ አለ፤ ጽሕፈቱም የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እስቲ ስንት ሰው እንዳረፈበት፣ አባትሽም ቦታውን ለይተው ማመልከት ይችሉ እንደሆነ ጻፊልኝ። እስከዚያው ለማንም አትናገሪ።

አባ ገብረ ኪዳን

·

ወረታ፣ ጥር 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባ፤

ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። እምነትዎ ግን ዶማ አላቆመም።

ስንት ናቸው ላሉት፣ አባቴ በጣቱ እየቆጠረ የአሥራ አንዱን ስም ጠራልኝ፤ ከዚያ በፊት ያሉትን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ቦታውን ያመለክታሉ ወይ ላሉት፣ ያመለክት ነበር። ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ግን ቦታው ጉድጓድ ሆነ። መንግሥቴ አጥንቱን ሁሉ ለቅሞ በአንድ የዋንዛ ሣጥን ከተተው።

«የእናቴን ለይልኝ» አልሁት።

«በምን? ግንባሯ ላይ ጽፋልሻለች?» አለና ሣቀ። ከዚያ አየኝና ሣቁን ዋጠው። «እኔ የታዘዝሁትን ነው፣ እቴ። የጥንት ነው ተብያለሁ፤ የጥንት ነው።»

አባቴ ከዚያ ወዲህ መዶሻ አልጨበጠም። የቆፈሩባት ዶማ ሁሉ እሱ የቀጠቀጠው ነው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ደግሞ «በድንጋይ ቤት ጻድቃን ተገኙ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሣጥኑ በዳስ ተቀምጧል፤ ከሐሙሲት፣ ከአንበሳሜ፣ ከጣራ ገዳም በኩል ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። አርብ ዕለት እመት እናኑን አገኘኋቸው። እርስዎ አያውቋቸውም። እናቴ እንስራ ተሸክማ በደጃቸው ስታልፍ የልጅ ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቅቤ የሚንጡበትን ቅል ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ሴት ናቸው። ያችኑ የልጅ ልጅ ይዘው መጥተዋል፤ ከሣጥኑ አፈር እየቆነጠሩ ግንባሯን ይቀቧታል።

«እመት እናኑ፣ የማን አጥንት መሰለዎት?»

«የጻድቃን ነው እንጂ! ሽታው አይሸትሽም? ዕጣን ዕጣን ይላል።»

«የኖራ ሽታ ነው።»

«የጠይብ ነገር! አፍንጫችሁ በከሰል ተደፍኖ ምኑን ታሸቱት!» አሉና ልጅቷን ከኔ ዓይን ጋረዷት። ጋርደው ሲጨርሱም እናቴን ሳሙ።

አሁን ደግሞ የደብሩ ቄሰ ገበዝ «ጻድቃኑ የኛ ናቸው፣ ከካቶሊክ እጅ ወጥተው በደብሩ በክብር ይረፉ» ብለው ከሰዋል። እኚሁ ሰው ከስድስት ዓመት በፊት በሩን የዘጉባት ናቸው። መንግሥቴም በበኩሉ «ፍርስራሹ የጥንት የካቶሊክ አባቶቻችን ነው» ይላል። በአንዲት ሸክላ ሠሪ ሁለት ሃይማኖት ተጣላ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሞታ ቢሆን ሁሉም በወደዳት ነበር። የእናቴ ጥፋት ትናንት መሞቷ ነው።

እርስዎ ቢናገሩ ይሰማሉ። እጅዎን አሳርፈውበታል፤ ይናገሩ።

ሸጌ

·

አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጌ፤

ለበላዮቼ እንድነግራቸው ጠይቀሻል። እነግራቸዋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ በራቸው ደርሼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ይቅር በይኝ።

ክርክሩ መጋቢት 10 ቀን በወረዳው ዳኛ ፊት እንደሚሰማ ሰምቻለሁ። እለምንሻለሁ፣ እዚያ አትናገሪ። ነገሩን በእርጋታ አስቢው። ዝም ካልሽ እናትሽ በመንበር ሥር ከዕጣንና ከጸሎት አትለይም፤ ሕይወቷን ሙሉ ፊቱን ያዞረባት ሰው ተንበርክኮ ይሳለማታል። ከተናገርሽና ካመኑሽ ግን የቡዳ አጥንት ነው ብለው ርብ ወንዝ ይጥሏታል። የትኛው ይሻላል?

አባትሽም ከዚህ የተለየ የሚሉ አይመስለኝም።

አባ ገብረ ኪዳን

·

ወረታ፣ መጋቢት 19 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባ፤

ተናገርሁ። ወሬው ሳይቀድመኝ አይቀርም፤ ቢሆንም ከኔ ይስሙት።

ስለ አባቴ የገመቱት ልክ ነበር። «ተይ ልጀ፣ እንኳን ለሷ ለኛም የማይገኝ ቦታ ነው፤ ትተኛበት» ሲለኝ ሰነበተ። «አንተስ የት ትተኛለህ?» አልሁት። ቢጥሏትስ ላሉኝ ደግሞ መልሴ ይኸው፤ በስሟ ትጣል። ሰው የሚስመው እሷን ካልሆነ መሳሙ ምን ይረባታል? በሕይወቷ ያልነኳትን፣ ሌላ ሰው ነች ብለው ነኳት። ይህ ክብር አይደለም።

ዳኛው ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ሣጥኑ በመካከል ነው። ቄሰ ገበዙ ተናገሩ፤ መንግሥቴ ተናገረ። ከዚያ ተነሣሁና «ጻድቃን የሏችሁም» አልሁ። «ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጠይቦች ናቸው። አንዷ እናቴ ናት። ስሟ ደብሬ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። በየቤታችሁ ያለው እንስራ የሷ ነው።»

ድንጋይ እጠብቅ ነበር፤ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ለድንጋይ ተዘጋጅቼ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ! ቡዳ ጻድቃንን ዘመድ ልታደርግ!» አለች። ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። ዳኛው ሳይቀሩ ከንፈራቸውን ነከሱ።

መንግሥቴ ወረቀቴን አወጣ። ዳኛው ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። «የሰው ቤትም መቃብርም የለም።»

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቆንጆ ጽሕፈት ነው» አሉ።

ያን የሐሰት ደብዳቤ የጻፈው መርጌታ አያልነህ እንዲመሰክር ጠራሁት። «እኔ የተነገረኝን ነው የጻፍሁ» አለ። «በወይራው ሥር ተቀበረች ነው የተባልሁ።» ዳኛው ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ። «በእርግጥ በደብራችሁ ቀብራችኋታል?» ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልቀበርናትም፣ ከበር መለስናት ይበሉ? «ከተጻፈማ ተቀብራለች» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ የነፈጓትን ቀብር በአንድ ቃል ሰጡን።

ሳይጠሩት አባቴ ተነሣ። በጉባኤ ፊት ሲቆም አይቼው አላውቅም።

«ሚስቴ እዚያ ሣጥን ውስጥ ናት» አለ።

«ወረቀቱ ላይ ያተምኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

«ውሸታም መሆንህን በገዛ አፍህ ካመንህ ምን ላድርግህ?»

እንደገና ተሣቀ። አባቴም አብሮ ፈገግ አለ፤ ሰው ሲሥቅ ፈገግ ማለት ልማዱ ነው። ያን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም። ፍርዱ «የጥንት ጻድቃን በተገኙበት ይረፉ» ሆነ።

ስለዚህ አልጣሏትም። ያመነኝ ሰው ስለሌለ ነው ያልጣሏት። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ለበላዮችዎ ይናገራሉ ወይ? ካልተናገሩስ፣ አባቴ ሲሞት በዚያ ጉብታ ላይ፣ በውጭም ቢሆን፣ ግንቡን ተጠግቶ ይቀበር ዘንድ ይፈቀዳል ወይ? አሁን ደም ይተፋል። ያ በመስተዋቱ ሥር ያለው ጽሑፍም ይነሣ፤ እሱን ለማንሣት የማንም ፈቃድ አያሻዎትም።

ሸጌ

·

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለሸጌ ገሰሰ፤

ዘግይቼ ስለ መለስሁልሽ ምክንያት የለኝም።

አልተናገርሁም። ሣጥኑ ባለፈው ወር በመንበሩ ሥር ገብቶ በሲሚንቶ ተዘግቷል። ያን ጽሑፍም አላነሣሁትም። ከእንግዲህ በዚያ ክፍል አላልፍም፤ በጓሮ በር ነው የምገባው። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

አባትሽን በተመለከተ የበላዮቼን የጠየቅሁት ስለ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ እንደሆነ አድርጌ ነው። ጉብታው አሁን የተቀደሰ ምድር ነው፤ የሚቀበርበትም የኛን ሃይማኖት የተቀበለ ብቻ ነው አሉ። አባትሽ ከወደዱ ካህን እልካለሁ፤ ግንቡን ተጠግተው ያርፋሉ። ላንቺም አብሮ የተላከ ወረቀት አለ። በመጋቢት የተናገርሽው በስሕተት ነው ይላል። ፈርመሽ ብትመልሺው ከመስከረም ጀምሮ ወደ ማስተማርሽ ትመለሻለሽ። ባትፈርሚ ሌላ መምህር ይላካል።

እኔ ብሆን እፈርም ነበር። ይህንንም ሳታውቂው አትቀሪም።

ገብረ ኪዳን

·

ወረታ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1955 ዓ.ም.

አባ ገብረ ኪዳን፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደምን ነው? ክረምቱስ? የእኛ ከባድ ነው። ርብ ከአፉ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኗል፤ ከብቱ ወደ ደጋ ወጥቷል። ይህ ደብዳቤም መኪና እስኪያልፍ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ አላውቅም። ዛሬ ሰላምታ አላጓደልሁም፤ ስለማልቸኩል ነው።

ወረቀቱን አልፈረምሁም። ባዶውን መልሼልዎታለሁ። በአንድ ጉብታ ላይ ሁለት ውሸት አልጽፍም። አዲሱን መምህር ይላኩ፤ ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ አይምታቸው።

አባቴን ስለ ካህኑ ጠየቅሁት። የጠየቅሁትም ከልቤ ነው፤ እሺ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እርስዎን ጠልቼ እሱን ከእናቴ አልለይም። ትራሱ ላይ እንዳለ አሰበበት።

«ምን ማለት ይጠበቅብኛል?» አለኝ።

«አምናለሁ ማለት።»

«የነሱን?»

«አዎ።»

«ሳላምን?»

ትራሱን አቃናሁለት።

«አይ ልጀ» አለ። «በዕድሜየ አንዴ ዋሸሁ፤ ያውም ላንች ብዬ። ያመጣውን አየሽው። አሁን ሞት ደጄ ቆሞ ሁለተኛ ልዋሽ? እሷም ብትሆን ትሥቅብኛለች።»

ነሐሴ 15 ቀን ከቀትር በኋላ አረፈ። ወደ ደብሩ ሰው ላክሁ። ቄሰ ገበዙ በሩን ሳይከፍቱ፣ «ጠይብ የራሱ መቀበሪያ አለው» አሉ። የትኛው እንደሆነ አልተናገሩም። ከዚያ ራሴ ወደ ጉብታው ወጣሁ። መንግሥቴ ጣሪያ ያስመታል። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። «ፈቃድ ካመጣሽ እኔ ራሴ እቆፍርለታለሁ፣ እቴ» አለ። ፈቃድ እንደሌለኝ እያወቀ ነው ያለው፤ ቢሆንም ዓይኑን አዙሮ ነበር። በተከፈተው በር መንበሩ ይታያል። ወለሉ ለስላሳ ነው። ሰሌን አንጥፈውበታል።

በማግስቱ ሁለቱ አጎቶቼና እኔ ተሸክመነው ወጣን። ሴት ሬሳ አትሸከምም አሉኝ፤ ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ ግን ደግመው አላሉኝም። ሦስት ሆነን በቃሬዛ መሸከም ከባድ ነው፤ አንደኛው ማዕዘን ሁልጊዜ ይዘቀዝቃል። ውኃው እስከ ጉልበታችን ነበር። ባንድ ስፍራ ላይ ወድቄ እሱም አብሮኝ ወደቀ። አንሥቼ ፊቱን በነጠላዬ አደረቅሁት። ፍትሐት አልነበረም፤ የማውቀውን አልሁ።

የት እንደ ቀበርነው አልጽፍልዎትም። ለማንም አልነገርሁም፤ አጎቶቼንም አስምያቸዋለሁ። ድንጋይ አልከመርንም፤ ሸክላም አልደፋንም። መስከረም ላይ ውኃው ሲሸሽ የመሬቱ ባለቤት ጓያ ይዘራበታል። እኔም በዚያ ሳልፍ ሰው ያያልና አልቆምም፤ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ መንገዴን እሄዳለሁ።

ሸጌ ገሰሰ